«አንቺ ሐኪም ነሽ?» ለሚሉሽ

እትዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ዕድሜዬ 24 ነው። በነርስነት ደረጃ 4 ጨርሼ፣ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ቆይቼ፣ አሁን ኮምቦልቻ ባለ አንድ አነስተኛ የአረጋውያን ማእከል ውስጥ እሠራለሁ። ዶክተሩ ከደሴ በየ15 ቀኑ ይመጡልናል። በቀረው ጊዜ እኛው ነን።

ሦስት ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። አንዱ የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ ሼህ ናቸው። ግሊበንክላሚድ ጠዋትና ማታ ታዞላቸዋል። ረመዳን ሲገባ እጾማለሁ አሉ። ሱሁር ላይ (ጎሕ ሳይቀድ በሚበላው ምግብ) ሁለት ተምር ቀምሰው ክኒናቸውን ይውጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ ምንም የለም። ከሰዓት በኋላ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ነገር ይደበላለቅባቸዋል። ፈራሁና አንድ ሌሊት ክኒናውን ሳልሰጥ ቀረሁ። የመድኃኒት መስጫው ቅጽ ላይ ግን እንደተሰጠ አድርጌ ፈረምኩ። አስተባባሪያችን ሲያውቁ «የሐኪም ትእዛዝ ነው! አንቺ ሐኪም ነሽ?» ብለው ሰው ፊት አዋረዱኝ። በማግስቱ ሰጠሁ።

ሁለተኛዋ ስትሮክ መትቷቸው መዋጥ ያቃታቸው እማማ ናቸው። የግፊታቸውንም የጨጓራቸውንም መድኃኒት አንድ ላይ ፈጭተን በእርጎ እንሰጣቸዋለን። ሦስተኛው ሌሊት ሌሊት የሚጮሁ አባባ ናቸው። በቅርቡ ካረፉ እናት የተረፈ ዲያዜፓም የሚባል የሚያስተኛ ክኒን አለ፤ «ግማሿን ስጪያቸውና ሌላው ሰው ይተኛ» ተብያለሁ። ለሼሁ ሲሆን የሐኪም ትእዛዝ አይነካም። ለአባባ ሲሆን ትእዛዝ አያስፈልግም። የትኛው ነው ትክክሉ? ሥራውን ልተወው እንዴ?

ግራ የገባት፣ ከኮምቦልቻ

አብሽሪ የኔ ልጅ። የሼሁ ነገር የሚያድር ስላልሆነ ዋና ዋናውን ቀድሜ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። እዚህ የምጽፈው ላንቺም፣ እንዳንቺ ግራ ለሚገባቸው ሌሎችም ነው።

ቁርጥ ቁርጡን ላስቀድም። ሼሁ ሳይበሉ ክኒናውን መያዝሽ፣ ማለትም አለመስጠትሽ፣ ልክ ነበር። ለዶክተሩ ሳትደውዪ ዝም ማለትሽ ልክ አልነበረም። ሳትሰጪ ሰጥቻለሁ ብለሽ መፈረምሽ ግን ከሁሉም የከፋው ነው። የእማማን መድኃኒት የትኛው እንደሚፈጭ ሳትጠይቁ አትቀጥሉ። የአባባን ዲያዜፓም አትስጪ።

ፊርማውን ለምን እንዳከበድኩት ልንገርሽ። ዶክተሩ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት ያንን ቅጽ ነው። ሁሉም ቦታ ተፈርሟል። ስኳሩ ግን ከፍ ብሎ ያገኙታል። ምን ያስባሉ? «መድኃኒቱ አልበቃቸውም» ብለው መጠኑን ይጨምራሉ። በማግስቱ ሌላ ተረኛ የተጨመረውን ሙሉውን ትሰጣለች። ሼሁ ደግሞ ሁለት ተምር ብቻ በልተዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ይኼ ሁሉ ከአንዲት ፊርማ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ሼሁ በሽታቸውን አልደበቁም። የደበቅሽላቸው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ቅጹን ዛሬውኑ አስተካክዪ። አትፋቂው፤ ነጭ ቀለምም አትቀቢው። የቀድሞው ጽሑፍ እንዲነበብ አንድ መስመር ብቻ አሰምሪበት። አጠገቡ «አልተሰጠም፤ ምግብ ስላልበሉና ላብ ስላጠመቃቸው» ብለሽ ጻፊ። ያስተካከልሽበትን ቀንና ሰዓት ጨምሪ፤ ፈርሚ። ለዶክተሩም ራስሽ ንገሪያቸው። ይቆጡ ይሆናል፤ ይቆጡ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ፊርማ የሚቀመጠው ክኒናው ከተዋጠ በኋላ ነው። ቀደም ብሎ ለሁሉም ፈርሞ ከዚያ ማደል ብዙ ቦታ የተለመደ ነው። መጥፎ ልማድ ነው።

አሁን ወደ አስተባባሪዋ ጥያቄ። «አንቺ ሐኪም ነሽ?» ሲሉሽ መልሱ አጭር ነው፦ «አይደለሁም፤ ለዚህ ነው የምደውለው።» በትሕትና በዪው፤ ግን በዪው።

የሐኪም ትእዛዝ የሚጻፈው ሐኪሙ በዚያ ቀን ባዩት ሰው ላይ ነው። ዶክተሩ ግሊበንክላሚዱን ሲያዙ ሼሁ ቁርስ፣ ምሳና እራት የሚበሉ ሰው ነበሩ። አሁን ሌላ ሰው ሆነዋል። ደሴ ቁጭ ብለው የሱሁሩን ተምር ሊቆጥሩ አይችሉም። ያየሽው አንቺ ነሽ። ትእዛዙን በገዛ ሥልጣንሽ መቀየር አትችዪም፤ አንድ ክኒና መጨመርም ሆነ መቀነስ ያንቺ ሥራ አይደለም። የሚያሰጋ ነገር ስታዪ ግን ትይዣለሽ፣ ወዲያው ትደውያለሽ፣ ትጽፊያለሽ። ትእዛዝ ማክበር ማለት ይኸው ነው። አስተባባሪሽ እንደሚሉት ዓይን ጨፍኖ ማደልም አይደለም፤ አንቺ እንዳደረግሽው በልብ ይዞ ዝም ማለትም አይደለም።

ስለ መድኃኒቱ ትንሽ ልበልሽ፤ ስታውቂው ስትደውዪ ድምፅሽ አይርድም። ግሊበንክላሚድ ቆሽት ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋል። ሰውየው በላ አልበላ ብሎ አይጠይቅም። አረጋዊ ሰውነት ውስጥ፣ በተለይ ኩላሊት ከደከመ፣ ቶሎ አይወጣም። ለዚህ ነው በዕድሜ ለገፋ ሰው ብዙ ሐኪሞች የሚሸሹት። ላቡ፣ የእጅ መንቀጥቀጡ፣ የነገር መደበላለቁ የስኳር መውረድ ምልክት ነው። አንዳንዱ አረጋዊ ደግሞ ላብም አያልበው፤ ዝም ብሎ ይፈዛል፣ ወይም ያለ ነገሩ ይቆጣል። «ጾሙ አድክሟቸው ነው» ተብሎ የሚታለፈው እሱ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ሙቀቷን ታውቂያታለሽ፤ ላብ ሁሉ በሙቀቱ ይሳበባል። አታሳብቢ፤ ለኪ።

መለኪያው ከ70 (mg/dL) በታች ካሳየ ጾሙ ይፈታል። ከ300 በላይ ካሳየም እንዲሁ፤ ያኔም ለዶክተሩ ትደውያለሽ። ሲወርድ ሦስት ሙሉ የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠሽ አጠጪያቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪ። ካልተነሣ ድገሚ። ሲነሣ ምግብ ይብሉ። ይኼንን ለማድረግ የማንንም ፈቃድ አትጠብቂ፤ ስልኩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም እንዳትጨምሪ፤ ስኳርም፣ ማርም፣ ጠበልም፣ ዘምዘምም ሳንባቸው ይገባል። በጎናቸው አስተኚና ወደ ሆስፒታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከዘገየ ባጃጅም ቢሆን ይዘሽ ሩጪ። ደግሞ ስኳሩ ተነሥቶላቸው «ደኅና ነኝ» ቢሉም ሐኪም ያያቸው። ግሊበንክላሚድ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ይጥላል።

ስትደውዪ ምን ትያለሽ? ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ይደነጋገራሉ። «ዶክተር፣ ሼሁ ደኅና አይደሉም፣ ፈርቻለሁ» ማለት ለዶክተሩ ምንም አይነግራቸውም። እንዲህ በዪ፦

«ዶክተር፣ ከኮምቦልቻ ማእከል ነው፤ ተረኛዋ ነኝ። የምደውለው ስለ ሼሁ ነው፤ የስኳርና የግሊበንክላሚዱ። ረመዳን ከገባ እየጾሙ ነው። ሱሁር ላይ ከተምር ሌላ አይበሉም። ትናንት በ9 ሰዓት ላብ አጠመቃቸው፤ ሲለካ ይኼን ያህል ነበር። አሁን ይኼን ያህል ነው። የዛሬ ሌሊቱን ክኒና ልያዝ? ከነገስ ምን ላድርግ?»

አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቁጥሩን ቀድመሽ ለክተሽ፣ ቅጹን ፊትሽ አስቀምጠሽ ነው የምትደውዪው። ሲመልሱልሽ ወዲያው ጻፊ፤ ከዚያ የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢላቸው። ሐኪሞቻችን ቁጥር የሚጠሩት በእንግሊዝኛ ነው። ፊፍቲንና ፊፍቲ በተቆራረጠ ኔትወርክ አንድ ናቸው። «አሥራ አምስት ነው ያሉኝ ዶክተር?» ብለሽ በአማርኛ አረጋግጪ። የሚቻል ከሆነ ሌላ ባልደረባ አጠገብሽ ሆና ትስማ። ስማቸውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈሽ፣ ሲመጡ ያስፈርሙበት። በቴሌግራም ፎቶ ከላኩልሽም ወደ ቅጹ ገልብጪው፤ የማእከሉ ግሩፕ ላይ ግን እንዳትለጥፊው። የሰው በሽታ የግሩፕ ወሬ አይደለም። የስልክ ካርዱን ደግሞ ማእከሉ ይሙላ። ከደሞዝሽ እየቆረጥሽ የምትደውዪ ከሆነ አንድ ቀን ሳትደውዪ ታድሪያለሽ።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር። ወረቀት ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ተብሎ የተጻፈ፣ እኛ ጋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። አዲስ የገባች ልጅ 8 የሚለውን አይታ ከቀኑ 8 ሰዓት ስትሰጥ ሰውየው ስድስት ሰዓት ሙሉ ያለ መድኃኒት ውሏል ማለት ነው። ቅጹ ላይ ሁሉንም በእኛ አቆጣጠር፣ «ጠዋት» «ማታ» የሚል ጨምራችሁ ጻፉ።

የጾሙን ነገር እንዴት እናድርገው? እዚህ ላይ አንቺ ብቻሽን አትጋፈጪ። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ፈቅዷል፤ መጾም የማይችል ደግሞ ሚስኪን አብልቶ ፊድያ ይከፍላል። ይኼን ለሼህ አንቺ ልታስተምሪ ብትሞክሪ ግን ነገሩ ይበላሻል። ኪታቡን ከአንቺ በላይ ያውቁታል። የሚያከብሯቸውን ኢማም ጋብዙ። ከተራዊሕ፣ ከማታው የረመዳን ስግደት በኋላ ቡና ይፈላ፤ ዶክተሩ በስልክ ለኢማሙ ያስረዷቸው። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌና በቡና ነው የሚያልቀው። ጣት ተወግቶ ስኳር መለካት ጾም እንደማይፈታም ኢማሙ ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል፤ አንዳንዱ ሰው መለኪያውን የሚሸሸው በዚህ ነው።

ከዚህም በኋላ «እጾማለሁ» ካሉስ? አእምሯቸው ደኅና እስከሆነ ድረስ መብታቸው ነው። ያኔ የሚቀየረው የሐኪሙ ትእዛዝ ነው። ዶክተሩ መድኃኒቱን ሌላ ያደርጉታል፣ ወይም ዋናውን መጠን ወደ ማፍጠሪያው ያዛውሩታል፤ እሱ የሳቸው ፈንታ ነው። ዋናው ነገር ሼሁ እንደሚጾሙ ዶክተሩ ማወቃቸው ነው። ለሚመጣው ዓመት ከረመዳን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብላችሁ የጿሚዎችን ዝርዝር አቅርቡላቸው። ማእከላችሁ እንደ ወሎ ቤት ሁሉ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ይዟል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ከዐቢይ ጾምና ከፍልሰታ በፊትም እንዲሁ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ እማማም ኢንሱሊን ይወጉ ይሆናል። ለሳቸው የንስሐ አባታቸው ይጠሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ዶክተሩን ጠይቂልኝ። ትእዛዛቸው ላይ «ካልሆነስ» የሚለውን እንዲጨምሩ። «ካልበሉ አይሰጥ፣ ይደወልልኝ።» «የላይኛው ግፊት ከዚህ በታች ከሆነ ይያዝ።» «ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛቸው ላሲክሱና ኢናላፕሪሉ (ሽንት የሚያስወጣውና የግፊቱ መድኃኒት) ቆሞ ይደወል።» ቁጥሩን ለእያንዳንዱ ሰው እሳቸው ይወስኑ። በየ15 ቀኑ ብቻ የሚመጣ ሐኪም እንዲህ ያለ ትእዛዝ ካልጻፈ፣ በመሐል ያለውን ቀን ሁሉ ለዕድል ትቶታል። «ሲያስፈልግ ይሰጥ» ብለው ከጻፉም ለምን ሲያስፈልግ፣ በቀን ቢበዛ ስንት ጊዜ የሚለው ይጻፍ። «ሲያስፈልግ» ብቻውን ከሆነ የሚያስፈልገው ለተረኛዋ ይሆንና ያርፈዋል።

ወደ እማማ። መፍጨቱ በደግነት እንደተጀመረ ይገባኛል። ግን ሁሉም ክኒና አይፈጭም። የግፊት መድኃኒታቸው ቀስ እያለ የሚለቀው የኒፈዲፒን ዓይነት ከሆነ፣ ለብዙ ሰዓት የተመደበው ሁሉ ባንዴ ደማቸው ውስጥ ይገባል። ግፊታቸው ዘጭ ይላል። አንዴ ስትሮክ የመታው ሰው ላይ ይኼ ሁለተኛ ስትሮክ ሊጠራ ይችላል። የጨጓራቸው ኦሜፕራዞል ከሆነ ደግሞ ካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች አሲድ እንዳያበላሻቸው የተሸፈኑ ናቸው። ስትፈጪያቸው ሽፋኑ ይጠፋል፤ መድኃኒቱ ሥራ ፈት ይሆናል። ሁለቱንም ፈጭቶ መስጠት አንዱን ከመጠን በላይ፣ ሌላውን ከመጠን በታች መስጠት ነው።

ካርቶኖቹን ሁሉ ሰብስበሽ ፋርማሲስት ጋ ሂጂ። ይፈጫል፣ አይፈጭም፣ በፈሳሽ አለ፣ የለም ብለው ይለዩልሽ። ከዚያ ለዶክተሩ ደውዪ፤ የሚፈጭ ተለዋጭ ብዙ ጊዜ አለ። የሚፈጨውንም አንድ ላይ አትፍጩት። እማማ እርጎውን ግማሽ ላይ ትተው ዞር ቢሉ የትኛውን መድኃኒት ነው የተዉት? ማንም አያውቅም። እርጎ ራሱም ከሁሉ ጋር አይስማማም። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን የሚባሉት የኢንፌክሽን መድኃኒቶች ከወተትና ከእርጎ ጋር ሲሰጡ ሰውነት የሚደርሳቸው ይቀንሳል። በማንኪያ ትንሽ አድርገሽ ስጪ፤ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይዋጡ፤ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል አያጋድሙ። ሲውጡ ካሳላቸው ወይም ድምፃቸው እንደተጎረጎረ ከሆነ አቁሚ። እና እማማ እርጎው ውስጥ ክኒና እንዳለ ይወቁ። ዘዴው ለመዋጥ እንጂ ለመሸወድ አይሁን።

አሁን አባባ። እዚህ ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም በደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ያናደደኝ ይኼ ነው።

መጀመሪያ የሟች መድኃኒት የማንም አይደለም። የታዘዘላት ሰው ስታርፍ ተቆጥሮ፣ ተመዝግቦ፣ ለማስወገድ ወደ ጤና ተቋም ወይም ፋርማሲ ይመለሳል። መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ይኸው እንደዚህ «ለክፉ ቀን» ይወጣል። ዲያዜፓም ደግሞ በአረጋዊ ሰውነት ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ዛሬ ማታ ያስተኛቸዋል፤ ነገ ጠዋት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ይጥላቸዋል። በዚያ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ተሰበረ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማእከል ውስጥ ለሚሠራ ሰው አይነገርም። እጅና እግራቸውን በገመድ እሰሪ ብትባዪ እሺ ትያለሽ? ያለ ትእዛዝ በክኒና ማስተኛትም ማሰር ነው፤ ገመዱ ስለማይታይ ብቻ ነው የሚቀለው።

ለምን እንደሚጮሁ ግን ማን አየ? ዛሬ ማታ ሲጮሁ ገብተሽ መብራት አብሪ። ስማቸውን ጠርተሽ፣ ማን እንደሆንሽ ንገሪያቸው። ጆሯቸው ከደከመ ጨለማ ውስጥ የሚነካቸው እጅ የሌባ እጅ ነው። የሚያማቸውን ጠይቂ፤ መናገር ካቃታቸው እግራቸውን፣ ጀርባቸውን ስትነኪ ፊታቸውን እዪ። የተኙበት ቦታ ቀልቶ እንደሆነ ገልጠሽ እዪ፤ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ የሚገባቸው ሰው ሳይገላበጡ አድረው ይሆናል። ከእምብርታቸው በታች በመዳፍሽ ዳሺ። ጠንክሮ ካበጠ ሽንት ይዟቸዋል፤ ይኼ ለጠዋት የማይተው፣ ያኔውኑ ሐኪም የሚፈልግ ነገር ነው። መቼ ነው ሰገራ የወጡት? ሙቀታቸው ስንት ነው? ውኃስ ጠጥተዋል? ላሲክስ የሚሰጣቸው ማታ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት እያስነሣቸው ነው። የጠዋቱ ይሻላል ወይ ብለሽ ዶክተሩን ጠይቂ፤ ራስሽ ግን ሰዓቱን አትቀይሪ።

ይኼ ጩኸት ድንገት የጀመረ ከሆነ፣ ማለትም ባለፈው ሳምንት ደኅና የነበሩ ሰው ከሆኑ፣ «እርጅና ነው» እንዳትዪ። ድንገተኛ መደናገር ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት ወይም የመድኃኒት ጣጣ ነው። በሥሩ ያለው በሽታ ሳይታወቅ ዲያዜፓም ቢሰጣቸው ጸጥ ይላሉ፤ በሽታው ግን ሥራውን ይቀጥላል። ያየሽውን ሁሉ ጽፈሽ ደውዪ። ዶክተሩ አይተው የእንቅልፍ መድኃኒት ካዘዙ በስማቸው፣ በመጠኑ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ ተጽፎ ይሰጣል። ያ ሌላ ነገር ነው።

አስተባባሪሽን በተመለከተ ጠላት አታድርጊያቸው። ሰው ፊት አዋርደውሻል፤ ልክ አላደረጉም። አንቺ ግን ሰው ፊት አትመልሺላቸው። ለብቻቸው ስታገኚያቸው፣ «እትዬ፣ እኔም እርስዎም ሐኪም አይደለንም፤ የዚያን ሌሊቱን ቅጽ እኔው አስተካክያለሁ፤ ከእንግዲህ የሚያሰጋኝ ነገር ሲኖር እርስዎም እየሰሙ ልደውል» በያቸው። ብዙ አስተባባሪዎች የሚፈሩት «ማእከሉ ስሙ ይጠፋል» የሚለውን ነው። ስም የሚያጠፋው ሳይደወል የሞተ ሰው እንደሆነ ቀስ ብለሽ አስረጃቸው። የዶክተሩንና የ907ን ቁጥር መድኃኒት ቁም ሳጥኑ ላይ ለጥፉት።

ዲያዜፓሙን «የግድ ስጪ» ካሉሽ «ያልታዘዘ መድኃኒት አልሰጥም» በዪ፤ ተጠይቀሽ እምቢ ማለትሽን በሪፖርት መዝገቡ ላይ አስፍሪ፤ ለዶክተሩም አሳውቂ። አሁንም ከቀጠለ የከተማው ጤና እና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ቀንና ሰዓት ጽፈሽ ሂጂ፤ ወሬ ይዘሽ አትሂጂ።

ሥራውን ልተወው ላልሽው፣ አሁን አትተዪው። ዶክተሩ በሚቀጥለው ሲመጡ ሦስቱንም ነገር በወረቀት ይዘሽ አስተባባሪሽ ባሉበት አቅርቢ። የሚለወጥ ከሆነ በዚያ ወር ውስጥ ይታያል። ካልተለወጠና ያለ ትእዛዝ መስጠቱን እንደገና ካመጡብሽ፣ ያኔ ልቀቂ፤ የሙያ ፈቃድሽንና ስምሽን ማንም አይተካልሽም። ደሴም ኮምቦልቻም ውስጥ አስታማሚ የሚፈልግ ቤትና ክሊኒክ አይጠፋም። ብቻ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ሳትይዢ እንዳትወጪ።